ከመሬት በታች ያለው ጠላት፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ድልና ያልተፈጸመው ግዳጅ

ፊት ለፊት ከሚታየው ጠላት ይልቅ አድፍጦ የሚጠብቀው የከፋ ጉዳት እንደሚያደርስ ማንኛውም ወታደር ያውቃል። ማሽላ የሚዘራው ገበሬም ይህን ዓይነቱን ጠላት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል። ዝናቡ በወቅቱ ይጥላል፤ ዘሩ ይበቅላል፤ እርሻው አረንጓዴ ይለብሳል። ከሳምንታት በኋላ ግን መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቡቃያው ውኃ እንደ ጠማው ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ቁመቱ ይቀጭጫል። ገበሬው ምክንያቱን ሲፈልግ ቆይቶ አንድ ማለዳ ሐምራዊ አበባ ያለው ትንሽ ተክል ከማሽላው ሥር ብቅ ብሎ ያገኛል። አቀንጭራ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ውጊያው ከመሬት በታች አብቅቷል፤ ምርቱም ተበልቷል።

በሰው ላብ የሚኖረውን ሰው በልማድ አቀንጭራ እያልን እንሰድባለን። ስድቡ ከእርሻ የተወሰደ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስታውስም። ከአንባብያን መካከል ከማሽላ አገር የመጣው ወታደር የዚህን አረም ክፋት ከአባቱ እርሻ ላይ ያውቀዋል። የከተማው ነዋሪ ደግሞ የሚያውቀው በሌላ ስሙ ይኸውም በእህል ዋጋ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንተነትነው ጉዳይ የሁለቱም ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ ዜና ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በአገሪቱ ለሳይንስ ሰዎች የሚሰጠውን ከፍተኛውን የመንግሥት ሜዳይ በዋይት ሐውስ ሲሸልሙ ከተሸላሚዎቹ አንዱ በኢትዮጵያ ተወልደው ያደጉት የማሽላ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ነበሩ። ፕሮፌሰሩ የሚያስተምሩትና የሚመራመሩት በኢንዲያና ክፍለ ግዛት በሚገኘው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዜናው በጊዜው በደስታ ተነግሯል። እኛ ዛሬ ወደ ኋላ ተመልሰን የምናነሣው ግን ሽልማቱን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ሜዳይ ሲሰጥ ሰው ሁሉ ሥራው የተፈጸመ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲያ ስላልሆነ ምን እንደ ተሸነፈ፣ እንዴት እንደ ተሸነፈ፣ ምንስ እንደ ቀረ መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ጠላቱን እንወቅ። የአቀንጭራ ዘር ከአቧራ የማይተናነስ እጅግ ደቃቅ ነገር ነው። አንዱ ተክል ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ዘር ይበትናል። ዘሩ በነፋስ፣ በጎርፍ፣ በከብት ኮቴና በማረሻ ከእርሻ ወደ እርሻ ይዛመታል። አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ ሳይሞት ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ዝናብ ሲያረጥበው ወዲያው አይበቅልም፤ ነቅቶ ይጠብቃል እንጂ። የሚጠብቀውም አንድ ምልክት ነው። አስተናጋጁ ተክል በአቅራቢያው መኖሩን ካላወቀ አይነቃነቅም፤ ምክንያቱም የያዘው ስንቅ ጥቂት በመሆኑ በቅሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታል። ሥር ያገኘ እንደ ሆነ ግን ሰርስሮ ይገባና ውኃውንና ምግቡን ከማሽላው ይመጥጣል። በቆሎና ዳጉሳን የመሳሰሉ ሰብሎችም ከዚህ ጥቃት አያመልጡም።

ለመሆኑ ምልክቱን የሚሰጠው ማን ነው? መልሱ የሚያሳዝን ነው፤ ራሱ ማሽላው ነው። የማሽላ ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ቅመሞችን በጥቂቱ ወደ አፈሩ ያመነጫል። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ቅመም በ1966 የታወቀው ከጥጥ ሥር ተለይቶ ሲሆን ተክሎች ለምን እንደሚያመነጩት ግን ለብዙ ዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ምሥጢሩን ፈቱት። ቅመሙ ከሥር ጋር ተባብረው የሚኖሩና ፎስፎረስ የተባለውን ማዕድን ከአፈር ለቅመው ለተክሉ የሚያቀብሉ ደቃቅ ፈንገሶችን የሚጠራ ጥሪ ነው። አፈሩ በተራቆተ መጠን ተክሉ ወዳጁን አብዝቶ ይጣራል። አቀንጭራ ይህን የወዳጅ ጥሪ ሰርቆ ይሰማል። የአቀንጭራ ጥቃት በድኃ ገበሬና በደከመ መሬት ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሀብታም አገር ይህን ጠላት በሌላ መንገድ መዋጋት ይችላል። በ1956 የአቀንጭራ አንዱ ዝርያ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና የበቆሎ እርሻዎች ላይ በተገኘ ጊዜ የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት አካባቢውን ለይቶ በቁጥጥር ሥር አዋለው። ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ በመሣሪያ ወደ አፈሩ በማስገባት ዘሩ አስተናጋጅ ሳያገኝ በከንቱ እንዲበቅልና እንዲሞት አደረገ። ከ400 ሺህ ኤከር በላይ ተስፋፍቶ የነበረው አረም በአሥርተ ዓመታት ዘመቻና በብዙ ገንዘብ ወደ ጥቂት ሺህ ኤከር ተወሰነ። በአንድ ጥማድ በሬ የሚያርስ ገበሬ ግን ጋዝና መሣሪያ ከየት ያመጣል? በእጁ ያለው መሣሪያ ዘሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእርሱ የሚሆነው መድኃኒት በዘሩ ውስጥ መገኘት ነበረበት። የፐርዱ ሥራ ክብደቱ የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው።

ፐርዱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1862 በእርስ በርስ ጦርነት መካከል ፕሬዚዳንት ሊንከን የፈረሙት የሞሪል ሕግ ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በምክር ቤቱ ባሉት ተወካዮች ቁጥር ልክ ለአንድ ተወካይ 30 ሺህ ኤከር መሬት እየሰጠ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ ኮሌጅ እንዲቆም አዘዘ። መሬቱ ቀደም ሲል የአገሩ ነባር ሕዝቦች የነበረ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ሕጉ ኮሌጆቹ የእርሻንና የእጅ ጥበብን ትምህርት እንዲሰጡ ሲደነግግ የውትድርና ትምህርትም እንዲጨመር በግልጽ ጽፏል። በዚህ መሠረት ፐርዱ በ1869 ተቋቋመ። የጨረቃን መሬት በመጀመሪያ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ከመምህራኑ መካከል ኸርበርት ብራውን በ1979፣ ኤይ ኢቺ ኔጊሺ በ2010 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ በ1887 የወጣ ሕግ የእርሻ ምርምር ጣቢያን፣ በ1914 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ዕውቀቱን ወደ ገበሬው የሚያደርስ አገልግሎትን ከእነዚህ ኮሌጆች ጋር በማያያዛቸው ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ የአንድ ሰንሰለት ቀለበቶች ሆኑ። ይህን ሰንሰለት አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ፕሮፌሰር ገቢሳ በ1950 በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ ከአንዲት የሣር ጎጆ ተወለዱ። እናታቸው ልጃቸው እንዲማር ቆርጠው በመነሣታቸው እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ተጉዘው ትምህርት ቤታቸው ይደርሱ፣ ዓርብ ተመልሰው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ከዚያም በጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተምረው በ1973 ተመረቁ። ሁለቱም ተቋሞች የቆሙት ኦክላሆማ ውስጥ ባለ ሌላ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ትብብር እንደ ነበር ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት የፐርዱው የማሽላ ሊቅ ጆን አክስቴል ኢትዮጵያ ውስጥ የማሽላ ዘር ሲያሰባስቡ ወጣቱ ምሩቅ ረዳቸው። ትጋቱን ያዩት ሊቅ ወደ ፐርዱ ጋበዙት፤ በ1978ም በዕፅዋት ማዳቀል የዶክትሬት ማዕረግ አገኘ።

እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ቆም ማለት ይገባል። አክስቴልና የሥራ ጓደኛቸው በ1973 ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ከ9 ሺህ በላይ የማሽላ ዓይነቶችን መርምረው ላይሲን በተባለው የገንቢ ምግብ ክፍል እጅግ የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ። በኋላ ሲጠየቅ የወሎ ገበሬ ይህን የመሰለውን ማሽላ ከሌላው ጋር እየቀላቀለ ሲዘራው፣ እሸቱንም እየጠበሰ ሲበላው ኖሯል። ስሙንም «ወተት በጉንጬ» ብሎታል። ላቦራቶሪው በመሣሪያ የለካውን ገበሬው በምላሱ ለክቶ ስም አውጥቶለት ነበር ማለት ነው። ምሁር ሆኖ ገበሬውን የሚንቅ ቢኖር ይህን ስም ያስታውስ።

ወጣቱ ተመራማሪ በ1979 ወደ ሱዳን ዘምቶ በዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሥር ሠራ። በ1983 ሐጊን ዱራ አንድ የተባለው ድርቅን የሚቋቋም ድቅል ማሽላ ለሱዳን ገበሬ ተሰጠ። እስከ 1999 ድረስ አንድ ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ከዚህ ዘር ምርት ታፍሶበታል። ይህ ትልቅ ውጤት ነበር፤ ነገር ግን ድርቅን ያሸነፈ ማሽላ ለአቀንጭራ እጁን ከሰጠ ድሉ ግማሽ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው በ1984 ወደ ፐርዱ ተመልሰው ላሪ በትለር ከተባሉት የኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ሆነው ፊታቸውን ወደ አቀንጭራ አዞሩ።

ከእነርሱ በፊት የነበረው የምርምር ዘዴ ማሽላውን አረሙ በበዛበት መሬት ዘርቶ የተረፈውን መምረጥ ነበር። ይህ ግን በዕድል ላይ የቆመ ነው፤ ማሽላው ለምን እንደ ተረፈ አያስረዳም። ሁለቱ ሊቃውንት ጥያቄውን ከፋፈሉት። ጥቃቱ የሚፈጸመው በደረጃ ነው፤ ዘሩ ይነቃል፣ ምልክቱን ይሰማል፣ ይበቅላል፣ ሥሩን ይይዛል፣ ሰርስሮ ይገባል፣ ይመጥጣል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ከተቆረጠ ጥቃቱ ይከሽፋል። የጠላትን የግስጋሴ መስመር አጥንቶ የሚቆረጥበትን ድልድይ እንደ መምረጥ ያለ ነው።

ቀጥለውም ቀላል መፈተሻ አዘጋጁ። አጋር በተባለ፣ እንደ ጄሊ የሚረጋና ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ውስጥ የአቀንጭራን ዘር ይበትኑና አንድ የማሽላ ቡቃያ ያኖሩበታል። ከሥሩ ምን ያህል ርቀት ላይ ያለው ዘር እንደ በቀለ በማስመሪያ ይለካሉ። ብዙ ምልክት የሚያመነጨው ማሽላ ሩቅ ያለውን ይቀሰቅሳል፤ ጥቂት የሚያመነጨው አጠገቡ ያለውንም አይቀሰቅስም። ኤስ አር ኤን 39 የተባለው ማሽላ በዚህ ፈተና ዝምተኛ ሆኖ ተገኘ። በ1996 የወጣው ጥናታቸው ይህ ዝምታ በአንድ ዘረ መል የሚወረስ መሆኑን አሳየ። በአንድ ዘረ መል የሚወረስ ጠባይ ደግሞ በማዳቀል ወደ ሌላ ማሽላ ሊሸጋገር ይችላል።

የዘረ መሉ ማንነት በትክክል የታወቀው ግን ከሁለት አሥርተ ዓመታት በኋላ በ2017 ነው። የፐርዱ ተመራማሪዎች በዚያ ዓመት እንዳስረዱት ማሽላው ዝም አላለም፤ ጥሪውን ለወጠው እንጂ። ዘረ መሉ ሥራውን ሲያቆም ሥሩ የሚያመነጨው ዋናው ቅመም በሌላ የቅርብ ዘመድ ቅመም ይተካል። አዲሱን ቅመም አቀንጭራ በሚገባ አይሰማውም። በወታደር ቋንቋ ብንናገረው የይለፍ ቃሉ ተለወጠ፤ ሰርጎ ገቡም በር ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተደረገ ምርመራ ደግሞ እንዲህ ያለው የተለወጠ ዘረ መል በአፍሪካ ነባር ማሽላዎች ውስጥ፣ ያውም አቀንጭራ በሚያጠቃቸው አካባቢዎች እንደሚገኝ አመልክቷል። ይህም ማለት ገበሬው በየዓመቱ የተሻለውን ዛላ ለዘር ሲያስቀር የይለፍ ቃሉን ሲለውጥ ኖሯል ማለት ነው። እንደ ወተት በጉንጬ ሁሉ እዚህም የመፍትሔው ፍሬ በገበሬው ጎተራ ውስጥ ነበረ፤ ሳይንስ ደግሞ ፈልጎ አገኘው፣ ለምን እንደሚሠራ አስረዳ፣ ከጥሩ ምርት ጋርም አዋሐደው።

ከላቦራቶሪ ወደ እርሻ የተደረገው ጉዞም ሊነገር ይገባዋል። በ1994 ስምንት ቶን የሚሆን አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር ተባዝቶ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ሱዳንንና ሶማሊያን ጨምሮ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሠራጨ። በኢትዮጵያም ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች ለገበሬው ቀረቡ። ለዚህ ሁሉ ሥራ ፕሮፌሰር ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ ዘሩ ብቻውን እንደማያሸንፍ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ቀድመው ተገንዝበው ነበር። ዘሩ የሚቋቋም እንጂ ፈጽሞ የማይደፈር አይደለም። አፈሩ ከተራቆተ ጥሪው ይበረታል፤ ውኃ ካጠረ ተክሉ ይዳከማል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ የቀረበው ዘዴ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ያያዘ ነበር፤ የሚቋቋም ዘር፣ የአፈር ማዳበሪያና የዝናብን ውኃ በእርሻ ውስጥ ማቆየት። በዚህ ላይ እንደ ጥጥ ያለውን፣ አቀንጭራን ቀስቅሶ የማያበላውን ሰብል ማፈራረቅና የታየውን አረም አበባው ዘር ሳይጥል ነቅሎ ማቃጠል ሲጨመር በአፈሩ ውስጥ የተከማቸው የጠላት ኃይል ከዓመት ዓመት ይመነምናል። ከአሥር ዓመት በላይ ተደብቆ መቆየት የሚችል ጠላት በአንድ ክረምት ዘመቻ አይደመሰስም።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንመለስ። ማስተማር፣ መመራመርና ማድረስ የአንድ ሥራ ሦስት ክፍሎች ናቸው ብለናል። የአፍሪካን ገበሬ በሚመለከት ግን ከእነዚህ ቀለበቶች አንዳንዶቹ ለብዙ ዘመን በባዕድ በጀት ላይ ታስረው ኖረዋል። በ2025 የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ዩ ኤስ ኤይድ የተባለውን የውጭ ርዳታ ድርጅቱን ዘጋ። ከእርሱም ጋር በአሜሪካ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሆነው ከአፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ጋር ይሠሩ የነበሩ ፕሮግራሞች ተቋረጡ፤ ማሽላን የሚመለከተውም ከእነዚህ አንዱ ነበር። የገዛ ገንዘቡን ለምን እንደሚያውል መወሰን የየአገሩ መብት ነው፤ ስለዚህ ቅሬታ ማብዛቱ አይጠቅምም። ነገር ግን በሌላው ስንቅ የዘመተ ሠራዊት ስንቁ ሲቋረጥ ምን እንደሚገጥመው ማንም አይስተውም።

ጥያቄው እንግዲህ ግልጽ ነው። የአቀንጭራ ምሥጢር ተፈትቷል፤ ዘረ መሉ ታውቋል፤ የሚቋቋመው ዘር አለ። ታዲያ ይህ ዘር በየዓመቱ ንጽሕናው ተጠብቆ ተባዝቶ፣ ከዝናቡ በፊት፣ አቅም በሚፈቅደው ዋጋ ለገበሬው የሚደርሰው በማን እጅ ነው? ይህ ሥራ ሜዳይ የለውም። ጋዜጣም አያወጣውም። ነገር ግን ይህ ከሌለ የሠላሳ ዓመቱ ምርምር በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ረገድ ለአገር ቤት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ጣቢያዎች የሚመደበው በጀት ከትርፍ የሚታደል ሳይሆን የደጀን ወጪ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል። የነባሮቹ ዘሮች ጉዳይም እንዲሁ ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል ከየአውራጃው የሰበሰባቸው ማሽላዎች ነገ ለሚነሣ ሌላ ጠላት መልስ የያዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ወተት በጉንጬን ያበቀለ እርሻ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ ከለበሰ ያ መልስ ከመገኘቱ በፊት ይጠፋል።

ለእኛስ፣ ለወታደሩና ለከተማው ሰው፣ ምን ድርሻ አለን? ከገበሬ ቤት የመጣው ወታደር ለፈቃድ ወደ ቀዬው ሲመለስ አቀንጭራ ዘር ሳይጥል መነቀል እንዳለበት፣ የሚቋቋም ማሽላም መኖሩን ለአባቱ ሊነግረውና ከወረዳው የእርሻ ባለሙያ እንዲጠይቅ ሊመክረው ይችላል። የከተማው ነዋሪ ደግሞ ልጁን ወደ እርሻ ኮሌጅ መላክን እንደ ውርደት መቁጠር ቢተው ትልቅ ነገር አደረገ። በሣር ጎጆ የተወለደው የወሎንኮሚ ልጅ ዋይት ሐውስ የደረሰው ከማሽላ ሸሽቶ ሳይሆን ማሽላን ይዞ ነው።

ጠላቱ ዛሬም ከመሬት በታች አለ፤ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠብቃል። ዘሩ ከዝናቡ ቀድሞ ገበሬው እጅ ይድረስ።